ሞስፌት ቀይራችሁ በቀጥታ ሶኬት ላይ ለምትሰኩ

ለኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያዎች፣

መብራት ሄዶ ሲመጣ የጠፋ ቴሌቪዥን እናንተ ዘንድ ይመጣል። ሲከፈት ፊውዙ ጠቁሯል፣ የፓወር ሳፕላዩም ሞስፌት ሾርት አድርጓል። ሁለቱ ተቀይረው ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ቷ! አዲሱም ተቃጠለ። ከዚያ «ቦርዱ አይሠራም» ተብሎ ለባለቤቱ ይነገራል። ብዙውን ጊዜ ግን ቦርዱን የጨረሰው ያ ችኮላ ነው።

ሞስፌት ሲቃጠል ብቻውን አይሄድም። 220 ቮልቱ ሬክቲፋየሩን አልፎ ትልቁ ካፓሲተር ላይ ሲደርስ 310 ቮልት ገደማ ይሆናል። ሞስፌቱ ሾርት ሲያደርግ ይህ ሁሉ በጌቱ በኩል ወደ መቆጣጠሪያው አይሲ ሊገባ ይችላል፤ እንደ ዩሲ3842 ያለው አይሲ ደግሞ ከ30 ቮልት በላይ አይችልም። ሶርሱ ሥር ያለው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ኦም በታች የሆነው ሬዚስተርም ይበጠሳል። አይሲውን፣ የጌቱንና የሶርሱን ሬዚስተሮች ሳትለኩ አዲስ ሞስፌት ብትበይዱ ትርፉ የደንበኛውን ገንዘብ ማቃጠል ነው።

አለካኩም ያሳስበኛል። ካፓሲተሩ በሬዚስተር ሳይራገፍ ቴስተር አይቀርብም። በውጤቱ በኩል ሁለት ዳዮዶች በአንድ የትራንስፎርመር ጥቅል ከተያያዙ፣ አንዱ ሾርት ሲሆን ቴስተሩ በሁለቱም ላይ ይጮኻል፤ እግሩን አላቅቆ መለካት ግድ ነው። ደህናው ሾትኪ 0.2 ቮልት አካባቢ ስላሳየ ተበላሽቷል ተብሎ ሲጣልም አይቻለሁ።

እግሩ ስለገጠመ ብቻ በ600 ቮልቱ ሞስፌት ቦታ 400 ቮልት የሚችለውን አይአርኤፍ740 መግጠምስ? ሞስፌቱ ሲዘጋ የትራንስፎርመሩ ምት በ310ው ላይ ይደመራል፤ አይቋቋመውም።

ከመሰካታችሁ በፊት በፊውዙ ቦታ የ60 ወይም የ100 ዋት አምፖል በተከታታይ አስገቡ። ኤልኢዲ አይሆንም፤ የድሮው ባለ ክር መሆን አለበት። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ ሾርቱ አሁንም አለ፣ ሞስፌቱ ግን አልተቃጠለም። ይህን የማታደርጉበት ምክንያት አይታየኝም።

ይበልጥ የሚያስቆጣኝ ፊውዝ ጠፋ ተብሎ የመዳብ ክር ሲጠመጠምበት ነው። ከዚያ ወዲያ ለሚመጣው ሾርት የሚግለው የቤቱ መስመር ነው፤ በዚያ ቤት ልጆች ይተኛሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ስታገኙ ክሩን ነቅላችሁ ቦርዱ ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ ፊውዝ ግጠሙ፤ ለባለቤቱም ክሩን አሳዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሙያ ባልደረባችሁ