መጨረሻ ፌርማታ የት ነው?

ማለዳ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ በሰፈራችን መጨረሻ ፌርማታ የተሰለፈውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ሁሉም እዚያው አካባቢ የሚኖር ይመስለዋል። ግማሹ ግን ከዚያ ወዲያ ካለው ኮንዶሚኒየም በባጃጅ፣ ሳንቲም ያጠረው ደግሞ ጭቃ እየረገጠ የመጣ ነው። አውቶቡሱ እዚህ ይዙር ተብሎ ሲወሰን ከጀርባው የእህል ማሳ ነበር። ዛሬ በማሳው ላይ ባለ 4 ፎቅ ብሎኮች ተደርድረዋል፤ መዞሪያው ግን ያው ነው።

የሰፈሬን ስም አልጽፍም። የየካ አባዶ፣ የቦሌ አራብሳ፣ የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ሰው የራሱን ታሪክ ያነብበታል። ከመሀል አዲስ አበባ ቤቱ ፈርሶ፣ ወይም ዕጣ ወጥቶለት ዳር የወጣ ብዙ ነው። መኝታው ዳር ወጣ እንጂ ሥራው አልተከተለውም፤ እንጀራው አሁንም ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ሜክሲኮ ነው።

በቅርቡ «መስመሩ ይራዘምልን» የሚል ማመልከቻ ሲዞር ሳላመነታ ፈረምሁ። ያመነታሁት በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ ነው። በ3ኛው ፌርማታ ተጋፍታ የገባች እናት ስለ ማመልከቻው ስናወራ ሰምታ፣ «እናንተማ ተቀምጣችሁ ልትመጡ ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ በሩንም አይከፍት!» አለችን። መልስ አልነበረንም። ቤቴ ገብቼ ወረቀት ይዤ አሰላሁት።

በአንድ መስመር ላይ 10 አውቶቡስ አለ እንበል። ደርሶ መልሱ 100 ደቂቃ ከፈጀ፣ በየ10 ደቂቃው አንድ ይመጣል። መስመሩ ተራዝሞ ደርሶ መልሱ 130 ደቂቃ ቢሆን፣ በዚያው 10 አውቶቡስ መጠበቂያው 13 ደቂቃ ይሆናል። 3 ደቂቃ ምን አላት የሚል ሰው የጠዋት ሰልፍ አያውቅም። በሰዓት 6 ይመጣ የነበረው ከ5 ያንሳል፣ የሚመጣውም ከዳር ሞልቶ ነው። የድሮውን 10 ደቂቃ ለመጠበቅ 3 ተጨማሪ አውቶቡስ ይፈልጋል። ሴትዮዋ ሳታሰላ የተናገረችው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ይቅር ልበል? አልልም። ከ2008 ጀምሮ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው ቀላል ባቡር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ አያት ላይ ያበቃል፤ ከተማው ግን አያትን አልፎ ሄዷል። ሐዲድ መቀጠል የአገር ገንዘብ ይበላል፣ እሱስ ይሁን። አውቶቡስ ግን ጎማ አለው፤ ጎማ ያለው ነገር እንደ ሐዲድ አንድ ቦታ የሚቸከልበት ምክንያት አይታየኝም።

የሚሻለው ከሁለት አውቶቡስ አንዱን ወደ አዲሱ መጨረሻ መላክ፣ ሁለተኛውን በድሮው ቦታ ማዞር ነው። ያኔ መካከል ላይ ላሉት ባዶ ወንበር የያዘ አውቶቡስ ይደርሳቸዋል። መጠበቂያውም 11 ደቂቃ ተኩል ላይ ይቆማል፤ 2 አውቶቡስ ቢጨመር ከድሮው 10 ደቂቃ እንኳ ያንሳል። አዲሱ መጨረሻ ላይ ደግሞ አውቶቡሱ በባጃጅ መሀል ወደ ኋላ እየሄደ ሕፃን እንዳይገጭ ሰፋ ያለ መዞሪያ ያስፈልጋል። ሹፌሩና ትኬት ቆራጩም ሽንት ቤት ይፈልጋሉ፤ ይህን በማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የሚያሳስበኝ ቆጠራው ነው። «ተሳፋሪው መስመር ለማራዘም ይበቃል ወይ?» ሲባል ትኬት ይቆጠራል። ትኬት የሚናገረው ስለተሳፈረው ብቻ ነው። ቆሞ ሰልችቶት በሚኒባስ እየቆራረጠ የሄደው፣ አርፍዶ ደመወዙ የተቆረጠበት፣ ከናካቴው ሥራውን የተወው በጉርዱ ላይ የለም። አውቶቡስ የማይደርስበት ሰፈር ትኬትማ ከየት ያመጣል?

ስለዚህ የመስመሩን ጉዳይ የምትወስኑ ወገኖች፣ አንድ የሥራ ቀን ማለዳ ከ12 ሰዓት በፊት ኑ። መጀመሪያ ባጃጅ ተሳፋሪውን በሚያራግፍበት ቦታ ቆማችሁ ቁጠሩ። ከዚያ 3ኛው ፌርማታ ወርዳችሁ፣ ሳይቆም የሚያልፈውን አውቶቡስና እጁን ዘርግቶ የሚቀረውን ሰው ቁጠሩ። ሁለቱን ቁጥር ይዛችሁ ወስኑልን።