የመጀመሪያው ቀን ካርድ

ከባምቢስ ወደ ካዛንቺስ የሚጓዝ ሰው ቀና ቢል በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ቆመው የሚለስኑና ቀለም የሚቀቡ ሠራተኞችን ማየቱ አይቀርም። ከእነዚህ አንዱ ቢወድቅ ባልደረቦቹ ተሯሩጠው ያቆሙታል፤ ውኃ ያጠጡታል፤ በታክሲ ወደ ቤቱ ወይም ወደ ወጌሻ ይወስዱታል። ካቦው ደግሞ «ሐኪም ከጠየቀህ ቤቴ ወደቅሁ በል» ሊለው ይችላል። በእኔ እምነት ይህች ቃል ጤናንም መብትንም ትጎዳለች።

በመጀመሪያ ጤናውን እንይ። ሐኪሙ ሠራተኛው ከሦስተኛ ፎቅ መውደቁን ካልሰማ፣ ደረጃ ላይ እንደተንሸራተተ ሰው ሊመለከተው ይችላል። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ደህና መስሎ ቆይቶ ከሰዓታት በኋላ ማስመለስ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ሊጀምረው ይችላል። ሆድ ውስጥ የሚፈስ ደምም ከውጭ አይታይም። አከርካሪው የተጎዳን ሰው ብድግ ማድረግ ወይም ማሸት ደግሞ ለሽባነት ሊዳርገው ይችላል። ስለዚህ የወደቀውን ሰው ባለበት አቆዩት፤ አንገቱ እንዳይነቃነቅ ደግፉት፤ የሚጠጣም የሚበላም አትስጡት። ለአምቡላንስ ወደ 907 ወይም 939 ደውሉ።

ወደ መብቱ ስንመጣ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካልቻለ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶው፣ በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶው ይከፈለዋል። ሰክሮ ሥራ የገባ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ሆን ብሎ የጣሰ ግን ይህ መብት ላይኖረው ይችላል። የቀን ሠራተኛውም «የጽሑፍ ውል የለኝም» ብሎ ተስፋ አይቁረጥ፤ የቃል ውልም ውል ነው።

ይሁን እንጂ ካርዱ ላይ «ቤቱ ወድቆ» ተብሎ ከተጻፈ ጉዳቱ በሥራ ላይ መድረሱን ማስረዳት ከባድ ይሆናል። ስለሆነም ለሐኪሙ የት፣ ከምን ያህል ከፍታና ምን እየሠሩ እንደወደቁ በትክክል ይንገሩ፤ እንዲጻፍም ይጠይቁ። የሕክምና ማስረጃዎንና ደረሰኞችን ያስቀምጡ፤ ያዩ ባልደረቦችን ስምና ስልክ ይያዙ። ጥያቄው በይርጋ ሊታገድ ስለሚችል አይዘግዩ።

አሠሪዎችም ቢሆኑ ጉዳትን ከመደበቅ ጠንካራ መወጣጫና የደህንነት ቀበቶ ማቅረብ ይቀላቸዋል። ካሳ የተሰበረን አከርካሪ አይጠግንም፤ የተጎዳው ሰው ቤተሰብ ግን ጦሙን እንዳያድር ያደርጋል።