ሞኒተሩ አልተበላሸም!

ዛሬ ስለ ማንዴት፣ ስለ ቃለ መጠይቅ፣ ስለ ሪሴትልመንት አይደለም የምጽፈው። ስለ ገመድ ነው። አትሳቁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

«ላፕቶፔ ሞኒተር አያነብም» የሚል መልእክት በውስጥ መስመር ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ከናይሮቢም፣ ከካኩማም፣ ከካምፓላም ይጽፉልኛል። የሁሉም መደምደሚያ አንድ ነው፤ «ተበላሽቷል»። ወይ ሞኒተሩ፣ ወይ ላፕቶፑ፣ ወይ ደግሞ «የእኛ ዕድል ነው»። እኔ የምለው ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። የጎደለ ነገር ነው ያለው። የጎደለውም የጥቂት መቶ ሽልንግ ዕቃ ወይም የአምስት ደቂቃ እውቀት ነው። ይህን ጉድለት የፈጠሩና ከጉድለቱ የሚበሉ ሰዎች አሉ።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። የእኛ ላፕቶፕ እንደ ቢሮ ሰው ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ አይኖርም። ማታቱ ላይ ይጋፋል፣ ፍራሽ ስር ያድራል፣ ከቤት ቤት ስንቀይር ከድስት ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰበረው ስክሪኑ ነው። ውስጡ ጤነኛ የሆነ፣ ፊቱ ብቻ የጠፋ ስንት ላፕቶፕ በየቤቱ አለ! አዲስ ስክሪን ማስገጠም ደግሞ የቤት ኪራይ ያህል ነው። አንድ አሮጌ ሞኒተር ግን ያን ላፕቶፕ ከሞት ያስነሳዋል። በኦንላይን የሚማር ልጅ ፈተናውን ይፈተናል፤ የትርጉም ሥራ የምትሠራ እህት በአንዱ ስክሪን ታነባለች፣ በሌላው ትጽፋለች። ስለዚህ «ሞኒተር አያነብም» ማለት ለእኛ የቴክኒክ ወሬ ብቻ አይደለም። የአንድ ሴሚስተር ጉዳይ ነው፣ የአንድ ወር ገቢ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ሰጪዎቹ ልሂድ። እኛ የምንማርባት ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ ሞኒተሮች አሉ። ሲሰጡን ፎቶ ተነስተናል። ባነር ተዘርግቶ ነበር፣ ሶዳም ነበር። ገመድ ግን አልነበረም! የመብራቱ ገመድ እንኳ ለግማሾቹ አልመጣም። ስማቸውን አልጠራም፣ ጉዳዬ ከአንድ ድርጅት ጋር አይደለምና። ልማዱ ነው የሚያቃጥለኝ።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ሰማያዊ ራስ ያለው፣ በሦስት ረድፍ 15 እሾህ የያዘው ገመድ ቪጂኤ ይባላል። ከ1987 ጀምሮ የነበረ ነው፤ ብዙዎቻችን ከመወለዳችን በፊት ማለት ነው። በዲሴምበር 2010 ኢንቴልና ኤኤምዲ ከትልልቆቹ አምራቾች ጋር ሆነው ቪጂኤን እስከ 2015 ድረስ እንደሚያስወጡት አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ላፕቶፖች እየቀጠኑ ሄዱ፣ ቪጂኤውን ጣሉት፣ ኤችዲኤምአይ ወይም ዩኤስቢ ሲ ብቻ ያዙ። የሀብታም አገር ቢሮ ላፕቶፑን ሲቀይር አሮጌው ሞኒተር አልሰካ ይለዋል። ምን ያደርገዋል? ለስደተኛ ይሰጠዋል። በሌላ ዓመት ደግሞ ሌላ ድርጅት አዲስ ቀመስ ላፕቶፕ ያመጣልናል፣ ኤችዲኤምአይ ብቻ ያለው። ሁለት ስጦታ ከሁለት ዘመን መጥተው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተፋጠው ይቀመጣሉ። በመሃላቸው የጠፋው አስታራቂ አንድ ትንሽ አዳፕተር ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን «ይህን ያህል ሞኒተር ተሰጥቷል» ተብሎ ተጽፏል።

የባዝል ስምምነት የሚባል ዓለም አቀፍ ውል አለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የተቀባዩ አገር ፈቃድ ሳይጠየቅ ድንበር እንዳይሻገር ይላል። የሚሠራ ሞኒተር በወረቀት ላይ ቆሻሻ አይባልም፣ እሺ። ያለ ገመድ የመጣ ሞኒተር እኛ ክፍል ውስጥ ምን ይባላል ታዲያ? የልጆች ጃኬት መስቀያ ነው የሆነው።

ይህን በስብሰባ ላይ ስናገር አንድ የማከብራቸው ትልቅ ሰው «ልጄ፣ ያጎረሰህን እጅ አትንከስ» አሉኝ። ጋሼ፣ እርስዎን ሳከብር እኖራለሁ። ግን ጉርሻ የሚባለው አፍ የገባው ነው። እንጀራውን ከነመሶቡ ፊታችን አስቀምጦ ወጡን ይዞ የሄደን ሰው «ወጡን ረስተሃል» ማለት መንከስ አይደለም።

ሁለተኛዎቹ ፉንዲዎቹ ናቸው። ሁሉም አይደሉም፤ እጃቸው የተባረከ፣ ሳንቲም ሳይቀበሉ የሚነግሩንም አሉ። ነገር ግን ስዋሂሊያችን ሲንተባተብ ሰምተው ዋጋውን እጥፍ የሚያደርጉትን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። አንዲት እህታችን ላፕቶፗን ይዛ ሄዳ «ማዘርቦርድ ነው፣ 9,500 ሽልንግ» ተባለች። ለምርመራ ብቻ 1,500 በኤም-ፔሳ ከፍላ ነው ይህን የሰማችው። ከዚያ ወደ እኛ መጣች። ላፕቶፗ አሮጌ ነው፣ ቪጂኤ ብቻ ያለው። ሞኒተሩ ደግሞ ኤችዲኤምአይ። በመሃል የገዛችው አዳፕተር ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ነበር። ይህ ዕቃ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው! ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው፣ ቪጂኤ አናሎግ ነው። ውስጧ ያለችው ትንሽ ቺፕ የምትተረጉመው ከላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ወደ ሞኒተር ቪጂኤ ብቻ ነው፤ ገልብጠህ ብትሰካት ዝም ትላለች። እህታችን ያስፈለጋት ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለው ዓይነት ነበር። ማዘርቦርዱ ምንም አልሆነም። ዲስፕሌይፖርት የሚባለውም (ኤችዲኤምአይ የሚመስለው፣ አንድ ጥጉ ብቻ የተቆረጠው) ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄደው ተራ ገመድ እንዲሁ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ዲስፕሌይፖርት ወደ ሞኒተሩ እንጂ በግልባጭ አይሠራም። ፉንዲው ይህን አያውቅም ነበር ብዬ ማመን ይከብደኛል። ሻጩም ሲሸጥላት «የትኛው ጫፍ ነው ላፕቶፕሽ ላይ ያለው?» ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጠይቃት ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ።

ዩኤስቢ ሲማ የባሰ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ስልኮች ከዲሴምበር 28 ቀን 2024፣ ላፕቶፖች ከኤፕሪል 28 ቀን 2026 ጀምሮ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ እንዲደረጉ አዟል፤ ሰዉም ይህን ሰምቶ «ቀዳዳው አንድ ከሆነ ሁሉም ይሠራል» ብሎ አመነ። ሕጉ ስለ ቻርጅ ነው። ሥዕል ማውጣት ሌላ ችሎታ ነው። መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ አንዱ ቀዳዳ ቻርጅና ፋይል ብቻ ያስተላልፋል፣ ሌላው ሥዕልም ያወጣል። ገመዱም እንደዚያው፤ ከስልክ ጋር የመጣ የቻርጅ ገመድ ሞኒተር ላይ ሰክታችሁ አትልፉ። ከቀዳዳው አጠገብ የዲስፕሌይፖርት ምልክት፣ ዲ ፊደል ውስጥ ፒ ያለባት፣ ወይም የተንደርቦልት የመብረቅ ምልክት ካለ ጥሩ ነው። ምልክት ከሌለ የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ ሳታረጋግጡ ሽልንጋችሁን አታውጡ።

ሌላም አለ፣ ማንም የማይናገረው። በእርዳታ የሚመጡ ላፕቶፖች የቀድሞው ባለቤት ፋይል እንዳይወጣ ይደመሰሱና ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንባቸዋል። ትክክል ነው፣ መደረግ አለበት። ግን የግራፊክስ ድራይቨሩ ሳይጫን ይላካሉ። ዲቫይስ ማናጀር ከፍታችሁ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለው ስር «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካያችሁ ነገሩ ያ ነው። ላፕቶፑ የራሱን ስክሪን እንደ ምንም ያሳያል፣ ሁለተኛ ሞኒተር ግን አያውቅም። መፍትሔው የላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ላይ በሞዴሉ የሚገኘውን ድራይቨር ማውረድ ነው፤ በነጻ ነው። «በነጻ» የምለው ኢንተርኔት ላለው ሰው ነው። እኛ በባንድል ነው የምንኖረው። ያ ፋይል ብዙ መቶ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። የላከው ሰው ቢሮው ባለው ፈጣን መስመር ከመላኩ በፊት ቢጭነው ምን ይጎዳው ነበር?

እንግዲህ «ተበላሽቷል» ከማለታችሁና ፉንዲ ጋ ከመሮጣችሁ በፊት ይህን ሞክሩልኝ። ሞኒተሩ ላይ መብራት ካለ፣ «ኖ ሲግናል» ብሎ ከጻፈ ሞኒተሩ በሕይወት አለ ማለት ነው። ሶርስ ወይም ኢንፑት የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ የሰካችሁበትን ምረጡ፤ ገመዱ ኤችዲኤምአይ ላይ ሆኖ ሞኒተሩ ቪጂኤን ሲጠብቅ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ከዚያ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ ፒን ተጫኑ፣ ዱፕሊኬት ወይም ኤክስቴንድ ምረጡ። ካልሆነ ሌላ ገመድ። ይህን አትዝለሉት። ሞኒተር ሲሰካ «እኔ እንዲህ ዓይነት ስክሪን ነኝ፣ ስፋቴ ይህን ያህል ነው» ብሎ ራሱን ለላፕቶፑ የሚያስተዋውቅበት አጭር መረጃ አለው፤ ኢዲአይዲ ይሉታል። ይህ መረጃ የሚያልፍባት ቀጭን ሽቦ ከተበጠሰች፣ ወይም ከቪጂኤው እሾህ አንዷ ከታጠፈች፣ ላፕቶፑ ማን እንደመጣ አያውቅም፣ ገመዱም ከውጭ ሲታይ ደህና ነው። ያም ካልሠራ ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ይዛችሁ ልቀቁ፣ መልሳችሁ አብሩ።

ስክሪናችሁ የጠፋባችሁ ደግሞ ገመዱን ሰክታችሁ አብሩ፣ ዊንዶውስ እስኪነሳ ጠብቁ፣ የይለፍ ቃሉን በጭፍን ጻፉ፣ ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍን ሳትለቁ ፒን እየተጫናችሁ፣ ቆም እያላችሁ፣ ኢንተር በሉ። ሥዕሉ ወደ ሞኒተሩ እስኪዘል ሁለት ሦስት ጊዜ ሊፈጅ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ እምቢ የሚል ላፕቶፕ አለ፣ አልዋሽም። ቀዳዳው የላላ፣ በእርግጥም ቦርዱ የተቃጠለ ይኖራል። ያኔ ፉንዲ ጋ ሂዱ። ነገር ግን የሞከራችሁትን ሁሉ ቆጥራችሁ እየነገራችሁት፤ ሲያያችሁ የማይገባችሁ እንዳይመስለው።

ለሰጪዎቹ ያለኝ ጥያቄ ለባነር ከወጣው ያነሰ ነው። ሞኒተር ስታመጡ ከመብራትና ከሥዕል ገመዱ ጋር አምጡ። ከመላካችሁ በፊት ላፕቶፖቹ ምን ዓይነት ቀዳዳ እንዳላቸው እኛን ጠይቁ፣ ስልክ አለን። የምትሰጡንን ሥልጠና ደግሞ ከሰርተፍኬት ማደያ ቀን አንድ ሰዓት ቀንሳችሁ ልጆቹ በእጃቸው ሰክተው ነቅለው እንዲማሩ አድርጉት።

አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውሮፓና ዓረብ አገር ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ብር ላኩ አላልኩም። መሳቢያችሁን ክፈቱ። እዚያ ውስጥ ተጠቅልሎ የተኛ የቪጂኤ ገመድ፣ የኤችዲኤምአይ ገመድ፣ ከድሮ ሥራችሁ የቀረ አዳፕተር አለ። ሰው ሲመጣ በሻንጣው ጥግ ላኩልን። ለወንድም ለእህታችሁ አዳፕተር ልትገዙ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የላፕቶፑን ጎንና የሞኒተሩን ጀርባ ፎቶ አስልኩ።

ናይሮቢ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ክፍላችን ክፍት ነው። ላፕቶፕ፣ ቻርጀር፣ ያላችሁን ገመድ ሁሉ ይዛችሁ ኑ። ድራይቨሮቹን በፍላሽ አውርጄ አስቀምጫለሁ፣ ባንድላችሁን አትጨርሱ። ሞኒተር የያዘ ሰው እንዳይወድቅበት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይምጣ፤ ደረጃው ጠባብ ነው፣ መብራትም የለውም።