የዕቁቡ ገንዘብና የኮምፒዩተሩ ሚዛን



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከምናስተምራቸው ልጆች አንዱ ከዐስር ሶላት በኋላ ከእናቱ ጋር ሆኖ በመድረሳው በር ላይ ጠበቀን። ልጁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቱን ያጠናቀቀ ነው። በእጁ ሁለት ገጽ የሞላ ዝርዝር ይዟል። ቤቱ ውስጥ በራሱ እጅ ሊገጣጥመው ያሰበው የጌም ኮምፒዩተር ዕቃዎች ከነዋጋቸው ተራ በተራ ሰፍረውበታል። ዕቃዎቹን የሚገዛው ዱባይ የሚሠራው አጎቱ ሲሆን፣ ገንዘቡ ግን የእናቱ ዕቁብ ነው። ከዚሁ ዕቁብ ላይ የታላቅ እህቱ የኮሌጅ ክፍያም ይጠበቃል።

«ኡስታዝ፣ ፈተናውን ካለፍክ እገዛልሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ፤ እሱም አልሐምዱሊላህ አለፈ። እኔ ግን ስለዚህ ዕቃ አላውቅም። እርስዎ አይተው ደግ ነው ካሉኝ ለወንድሜ እልክለታለሁ» አሉን እናቱ።

ቃል ቃል ነውና ልጁ ኮምፒዩተሩን ማግኘት ይገባዋል። ጥያቄው የትኛውን ነው? የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ መሆኑን ስለምናውቅ፣ ለእነርሱ የነገርናቸውን ለእናንተም ማካፈሉ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

በዝርዝሩ ራስ ላይ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ለገበያ ያቀረበው አርቲኤክስ 5090 የተባለው ግራፊክስ ካርድ ተጽፏል። ሲወጣ ፋብሪካው የተመነለት ዋጋ 1,999 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ በገበያ ላይ ግን ከዚያም በላይ ሲሸጥ ቆይቷል። ቀጥሎ የኤኤምዲ ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰር፣ አራት ፍሬ ራም፣ ባለ መብራት የውሃ ማቀዝቀዣና ባለ መስታወት ኬዝ አሉ። በመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ ስሙ ያልተጠቀሰ ርካሽ ባለ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ሰፍሯል። ሞኒተር የሚል ቃል ግን ከሁለቱ ገጾች በአንዱም የለም። ስንጠይቀው «ሞኒተር እቤት አለ፤ ከአባቴ ሱቅ የመጣው» አለን። የቆየ ሞኒተር ነው፤ 1920 በ1080 ፒክሰል ያለው፣ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ።

ምርጫው ከዓይን ይጀመር

ወጣቶች ዝርዝር ሲያወጡ ብዙውን ጊዜ ከግራፊክስ ካርዱ ይጀምራሉ። እኛ ግን ከሞኒተሩ እንጀምር እንላለን። ለምን ቢባል፣ ሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ የሚደክሙት ሞኒተሩ ላይ ለሚታየው ምስል ስለሆነ ነው።

1920 በ1080 የሆነ ሞኒተር ወደ 2.1 ሚሊዮን ፒክሰል አለው። 2560 በ1440 የሆነው 3.7 ሚሊዮን ያህል፣ ፎርኬ የሚባለው 3840 በ2160 ደግሞ 8.3 ሚሊዮን ያህል አለው። ስለዚህ ፎርኬ ከመጀመሪያው አራት እጥፍ ሥራ ይጠይቃል ማለት ነው። አርቲኤክስ 5090 የተሠራው ለዚህ ከባድ ሥራ ነው። ይህን ካርድ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ከሚታደስ አሮጌ ሞኒተር ጋር ብናገናኘው፣ ካርዱ በሰከንድ 200 ምስል ቢሠራ እንኳ ሞኒተሩ ከ60 ጊዜ በላይ ሊያሳየን አይችልም። የውዱእን ውሃ እንኳ ቆጥበን እንድንጠቀም ለተማርን ሰዎች ይህ ግልጽ ኢስራፍ ነው።

እንግዲህ ለልጁ የመከርነው 27 ኢንች ስፋት ያለው፣ 2560 በ1440 የሆነና በሰከንድ 144 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚታደስ ሞኒተር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሞኒተር 16 ጊጋባይት ማኅደር ያለው አርቲኤክስ 5070 ቲአይ፣ ወይም የኤኤምዲ አርኤክስ 9070 ኤክስቲ ከበቂ በላይ ነው። የመጀመሪያው ሲወጣ የተመነለት ዋጋ 749 ዶላር፣ የሁለተኛው 599 ዶላር ነበር። በእነዚህ ዋጋዎች ካሰላነው ከ5090 ጋር ያለው ልዩነት 1,250 ወይም 1,400 ዶላር ይሆናል። ሞኒተሩም፣ ጥሩው ፓወር ሰፕላይም፣ የእህትየው የኮሌጅ ክፍያም ከዚህ ልዩነት ሊገኝ ይችላል።

ወፍጮውና እህል አቅራቢው

ወፍጮው የቱንም ያህል ቢፈጥን እህል የሚያቀርብለት ሰው ከዘገየ ዱቄቱ አይበዛም። ፕሮሰሰሩ ለግራፊክስ ካርዱ ሥራ የሚያቀርብ ነውና በመካከላቸው ሚዛን ሊኖር ይገባል። ልጁ የመረጠው 9800ኤክስ3ዲ እጅግ ጥሩ ፕሮሰሰር ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የወጣው 7800ኤክስ3ዲም እንደ እርሱ 8 ኮር አለው፤ ለጌም እጅግ የሚጠቅመው የካሽ ማኅደሩም ያው 96 ሜጋባይት ነው። በ2560 በ1440 ሞኒተር ላይ ምስሉ ባማረ ቁጥር ጥበቃው ወደ ግራፊክስ ካርዱ ስለሚዞር፣ በሁለቱ ፕሮሰሰሮች መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። ዋጋው በግልጽ የሚያንስ ከሆነ 7800ኤክስ3ዲን መምረጥ አያስቆጭም።

ሁለቱም የሚገቡት ኤኤም5 በሚባለው ሶኬት ላይ ነው። ኤኤምዲ ለዚህ ሶኬት እስከ 2027 እና ከዚያም በኋላ ድጋፉን እንደሚቀጥል አስታውቋል። ስለዚህ ልጁ ከዓመታት በኋላ ሥራ ይዞ በራሱ ገንዘብ ፕሮሰሰሩን ብቻ ሊለውጥ ይችላል። ማዘርቦርዱም በጣም ውድ መሆን የለበትም፤ ቢ650 ወይም ቢ850 የሚባሉት ይበቃሉ። ባዮሱን ወደ አዲሱ ማሳደግ ግን አይዘንጋ። በ2023 አንዳንድ የኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች ከልክ ባለፈ ቮልቴጅ ተቃጥለው ነበር፤ መፍትሔው የመጣው በባዮስ ማሻሻያ ነው።

ራሙን በተመለከተ አራት ፍሬ ከሁለት ፍሬ ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ሶኬት ላይ አይሠራም። አራት ፍሬ ዲዲአር5 ሲሰካ ፍጥነቱ ይወርዳል። ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት፣ ፍጥነታቸው 6000 የሆነ፣ አብረው በአንድ ጥቅል የተሸጡ ይወሰዱ። ከተገጠሙ በኋላ በባዮስ ውስጥ ኤክስፖ የተባለውን ማብራት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ለ6000 ከፍለን በአነስተኛው ፍጥነት እንሠራለን። ከ2025 መጨረሻ ወራት ጀምሮ ትልልቅ የዳታ ማዕከላት የማኅደር ምርቱን ስለተሻሙ የራም ዋጋ በጣም ንሯል። በመሆኑም 64 ጊጋባይት ለጌም ብሎ መግዛት በዚህ ጊዜ የሚመከር አይደለም።

የማይታየው ዕቃ

አሁን ወደ ዝርዝሩ የመጨረሻ መስመር እንምጣ። አርቲኤክስ 5090 ብቻውን እስከ 575 ዋት ይወስዳል። ፕሮሰሰሩ በሥራ ላይ 160 ዋት ያህል ቢጨምርበት ከ700 አለፈ፤ ፋብሪካውም ለዚህ ካርድ የ1000 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። ልጁ ግን ለዚህ ሁሉ ያሰበው 650 ዋት ነው። ለምን? ፓወር ሰፕላይ መብራት የለውም፤ በመስታወቱ በኩልም አይታይም፤ ጓደኛም አይቶ አያደንቀውም።

ከዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ልንናገር ግድ ይለናል። ከዓመታት በፊት የመድረሳችን ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ሞተና ሌላ ገዛን። አዲሱ የራሱ ገመዶች ነበሩት። እኛ ግን ድካሙን ለመቀነስ ስንል ወደ ሀርድ ዲስኮቹ የሚሄደውን የአሮጌውን ገመድ ሳንነቅል በአዲሱ ላይ ሰካነው። ልክክ ብሎ ገባ። ያላወቅነው ነገር፣ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የገመድ አሰካክ በሁሉም ፋብሪካ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ነው፤ ቅርጹ ቢመሳሰልም የሽቦዎቹ ተራ ይለያያል። ቁልፉን በተጫንን ቅጽበት ሁለቱም ዲስኮች ተቃጠሉ። በውስጣቸው ልጆቹ ቁርኣን ሲያፈዙ ለዓመታት የቀዳነው ድምፅ ነበር። ድምፁ ገና ሳይጎረንን የቀራውን የልጃቸውን ቅጂ ፈልገው ለመጡ አንዲት እናት የሰጠናቸው መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። ገመዱ ተበላሽቶ ሳይሆን እኛ ሳንጠይቅ ሰካነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን አደራ እንላለን፦

የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ገመድ በሌላው ላይ ፈጽሞ አትሰኩ።

ለ5070 ቲአይ 750 ዋት በቂ ነው ተብሏል፤ 850 ዋት ቢሆን ደግሞ ሳይጨናነቅ ይሠራል።

80 ፕላስ ጎልድ የሚለው ምልክት የሚለካው ኤሌክትሪክ አለማባከኑን እንጂ አጠቃላይ ጥራቱን አይደለም። የታወቀ ፋብሪካ መሆኑንና የዋስትናውን ዘመን ተመልከቱ፤ ጥሩዎቹ 7 እና 10 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ።

የግራፊክስ ካርዱን የኃይል ገመድ እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ አስገቡ። በ2022 አርቲኤክስ 4090 በወጣ ሰሞን መሰኪያቸው የቀለጡ ካርዶች ታይተዋል፤ አንዱ ምክንያት ገመዱ በደንብ አለመግባቱ ነበር።

የአገራችን አየርና መብራት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ቬንትሌተር ያንኑ ያህል እየዞረ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ ከተማዋ ቀዝቀዝ ያለች ናት። ድሬዳዋ ለሚኖር ደግሞ አየሩ ወፈር ይላል፤ ሙቀቱ ግን ይከብዳል። በሁለቱም ቦታ ከመስታወት ይልቅ ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ አየር እንደ ልብ የሚያስገባና አቧራ ማጥለያው ተፈትቶ የሚጠረግ ኬዝ ይበልጣል። ለ7800ኤክስ3ዲ ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ ስለሚበቃው የውሃው አያስፈልግም። የማቀዝቀዣው ቁመት 16 ሳንቲ ሜትር፣ የካርዱ ርዝመት ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ስለሚችል የኬዙ የውስጥ ልክ አስቀድሞ ይታወቅ።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያደርሰውን ጉዳት ሁላችንም እናውቀዋለን። ዩፒኤስ ስትገዙ የሚጻፈው ቁጥር ቪኤ እንጂ ዋት አለመሆኑን አስተውሉ። 650 ቪኤ የሚለው ብዙውን ጊዜ 400 ዋት እንኳ አይሞላም። ኮምፒዩተሩ 500 ዋት የሚወስድ ከሆነ በዋት ከዚያ የሚበልጥና ንጹሕ ሳይን ዌቭ የሚሰጥ ይፈለግ። የግድግዳው ሶኬትም የመሬት ሽቦ እንዳለው ባለሙያ ይይላችሁ።

ዱባይ ላለው አጎትም መልእክት ላክን። በበር ዱባይ በኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ስም በሚጠራው ጎዳና አካባቢ የኮምፒዩተር ሱቆች ተደርድረዋል። ዋጋ ከማወዳደር ባሻገር ዋስትናው ከዚያ አገር ውጭ ይሠራ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲጠይቅ፣ ግራፊክስ ካርዱን በራሱ ካርቶን እንዲልክ፣ የዚያ አገር መሰኪያ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ ለእኛ ሶኬት የሚሆን ገመድ እንዲጨምር ነገርነው።

የእናትየው ጥያቄ

ይህን ሁሉ ጽፈን ስንጨርስ እናትየው «ኡስታዝ፣ ይህ ሁሉ ለጨዋታ ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁን። ለትምህርት ነው ብለን ልንሸፋፍነው አልፈለግንም። «አዎ፣ አብዛኛው ለጨዋታ ነው» አልናቸው። ሐላል የሆነ መዝናናት በዲናችን ቦታ አለው፤ ሶላትን ሳያሳልፍ፣ የሌላውን ሐቅ ሳይነካ። ይህ ኮምፒዩተር የእህቱን ክፍያ ቢወስድ ኖሮ ግን የሌላ ሰው ሐቅ በነካ ነበር። ደግሞም በአንዳንድ ጌሞች ውስጥ በገንዘብ ተገዝተው ምን እንደያዙ ሳይታወቅ የሚከፈቱ ሣጥኖች አሉ፤ የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2018 ቁማር ናቸው ብሏቸዋል። የባንክ ካርድ ቁጥር በልጁ ኮምፒዩተር ላይ እንዳይቀመጥ አሳሰብናቸው።

ልጁ መጀመሪያ ላይ ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ 5090ን ለጓደኞቹ አስቀድሞ ነግሯቸዋልና። በሁለተኛው ቀን ግን በንጹሕ ወረቀት የገለበጠውን አዲስ ዝርዝር አመጣልን። በመጀመሪያው መስመር ላይ ሞኒተር፣ በሁለተኛው ላይ ፓወር ሰፕላይ ሰፍሯል። በወረቀቱ ግርጌ ደግሞ ማንም ሳያዝዘው «የእህቴ የኮሌጅ ክፍያ» ብሎ ጽፎ ከድምሩ ቀንሶታል።

ዕቃዎቹ ሲደርሱ መገጣጠሙን አብረን እንድንሠራ ቀጠሮ ይዘናል። በዚያ ቀን እያንዳንዱን ገመድ ከመስካታችን በፊት መመሪያውን እናነባለን፣ ኢንሻአላህ። ወላሁ አዕለም።