ከልጁ በፊት ኬብሉን መርምሩ

ባለፈው ሳምንት ማታ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ከሥራ ልባረር ነው» አለኝ።

የሚሠራው ሰርግና መልስ የሚቀርጽ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ፉቴጁ ሁሉ ያለው ኤዲተሮቹ በኔትወርክ የሚጋሩት ስቶሬጅ ላይ ነው። ሌሎቹ በሁለት ቀን የሚጨርሱት እሱን ሳምንት ይፈጅበታል። ፕሌይ ሲል ድምፁ ይቀጥላል፣ ምስሉ ይቆማል። ባለቤቱ «ወይ አንተ ሰነፍ ነህ፣ ወይ ኮምፒውተሩ ሞቷል» ብለውታል።

ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። የኤዲቲንግ ሶፍትዌሩን እንኳን አልከፈትኩም። አንድ ትልቅ የቪዲዮ ፋይል ከስቶሬጁ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አደረግኩና ፍጥነቱን አየሁ፦ በሰከንድ 11 ሜጋባይት።

ይቺን ቁጥር እወቋት። ደህና የጊጋቢት መስመር በሰከንድ 110 ሜጋባይት አካባቢ ይሰጣል። 11 ካያችሁ መስመሩ ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷል ማለት ነው (ለ8 ስታካፍሉት 12 ተኩል ሜጋባይት ነው፤ በተግባር ትንሽ ይቀንሳል)። የኔትወርክ ሴቲንጉን ስንከፍት እውነትም 100 ይላል።

ለምን? ጊጋቢት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን 8 ቀጫጭን ሽቦዎች በሙሉ ይፈልጋል። 100 ሜጋቢት ግን በ4ቱ ይሠራል። ስለዚህ አንዷ ሽቦ ስትበጠስ ኬብሉ ላይሞት ይችላል፤ ዝም ብሎ ይቀንሳል፤ ማንም አያውቅም። የልጁ ኬብል የጠረጴዛ እግር ሥር ተጨፍልቆ ነበር። ቀየርነው፤ 110 ገባ።

አስቡት፤ የእነሱ ካሜራ 4ኬ ሲቀርጽ ለእያንዳንዱ ሰከንድ 100 ሜጋቢት ያህል ይወስዳል። 3 ካሜራ አንድ ላይ ሲከፈት 300 ነው። ልጁ 300ውን በ100 ቧንቧ እንዲያሳልፍ ነበር የሚጠየቀው!

በእርግጥ ሁሌ ኬብል አይደለም። ኮፒው 110 እየሰጠ ኤዲቲንጉ ከቆመ፣ ያንኑ ክሊፕ የኮምፒውተራችሁ ኤስኤስዲ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት። እዚያም ከቆመ ኮምፒውተሩ ኮዴኩን መፍታት ከብዶታል፤ ፕሮክሲ ሥሩ። ካሹን ስቶሬጁ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተራችሁ ላይ አድርጉ። ደግሞ 4 ኤዲተር በአንዴ 3፣ 3 ካሜራ ከከፈተ 1200 ሜጋቢት ነው። ስቶሬጁ የተገናኘው በአንድ የጊጋቢት ኬብል ከሆነ ጎበዝ ኤዲተር መቅጠር አያድናችሁም።

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ሥራ ሲዘገይ መጀመሪያ የምንፈልገው ጥፋተኛ ሰው ነው። መለኪያ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ እሱም ከመጣ። ባለቤቱ ኬብሉን አይተው ሳቁ። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ሲያድር ነበር።

እኔም ጥፋት አለብኝ። ክፍል ውስጥ ስለ ከትና ስለ ከለር ሰዓታት አውርቻለሁ። ፋይሉ ከየት ተነስቶ በምን አልፎ ስክሪን ላይ እንደሚደርስ ግን አንድ ቀን አላስተማርኩም። ይቅርታ።

የስቱዲዮ ባለቤቶች፣ ሰው ከማባረራችሁ ወይ አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ፋይል ኮፒ አድርጉ። አንድ ደቂቃ ነው። ተማሪዎቼ፣ «ቀርፋፋ ነህ» ስትባሉ አታቀርቅሩ፤ ቁጥር ይዛችሁ ቅረቡ።

የእናንተ ስቶሬጅ ስንት ይሰጣል? ዛሬ ሞክሩና ንገሩኝ።