የበዓል ማዕድና የጥርስ ጤና

በዓል የደስታ ቀን ነው። ከ55ቱ ቀን የሁዳዴ ጾም በኋላ ፋሲካ ሲገባ ቤተ ሰብ በአንድ መሶብ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ዶሮ ወጡና ድፎ ዳቦው፤ ጠጁና ብርዙ ይቀርባል፤ ዘመድም ከዘመድ ይጠያየቃል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነውና ይቅር አንልም። ነገር ግን በዓል ባለፈ ማግሥት በጥርስ ሕመም ሌሊቱን የሚያለቅስ ሕፃን በየሰፈሩ አይታጣምና፤ ስለ ነገሩ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን።

ብዙ ሰው ጥርስን የሚጐዳው የምግብ ብዛት ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በጥርሳችን ላይ ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ተለጥፈው ይኖራሉ። እነዚህም ስኳር ባገኙ ጊዜ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ምራቃችን ደግሞ አሲዱን ያበርዳል፤ ለጥርሱም የጐደለውን ማዕድን ይመልሳል፤ ሆኖም ይህን ለመፈጸም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያህል ፋታ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ከምግቡ ብዛት ይልቅ መጠየቅ የሚገባው በቀን ስንት ጊዜ አፋችንን እንዳጣፈጥን ነው።

የበዓል አዋዋላችንን በዚህ ሚዛን እንመዝነው። ዶሮ ወጡን በእንጀራ በልቶ ከመሶብ የተነሣ ሰው ምራቁ ጥርሱን ለማጠብ ጊዜ ያገኛል። ነገር ግን ቡናው ይከተላል፤ አቦል፤ ቶና፤ በረካ እየተባለ በየስኒው ስኳር ይጨመራል፤ በመካከሉም ስኳር የተነሰነሰበት ፈንዲሻ ይዘገናል። ጐረቤት ቤት ሲኬድም ሌላ ቡና ይጠብቃል። ሕፃናቱ ብርዝ ወይም ለስላሳ መጠጥ ይዘው ከቀትር እስከ ማታ ጥቂት በጥቂት ሲጐነጩ ይውላሉ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስኳር በአገራችን እየተለመደ ሄዷል። ማር የተፈጥሮ ነውና አይጐዳም የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ማርንም መጠኑ ሊቀነስ ከሚገባው ስኳር ጋራ ቈጥሮታል።

ከሁሉ ይልቅ የምናሳስበው ስለ ሕፃናት ነው። «የወተት ጥርስ ነው፤ ይወልቃል» እያሉ ቸል የሚሉ ወላጆች አሉ። የወተት ጥርስ ያለ ጊዜው ሲነቀል ከሥሩ የሚመጣው ጥርስ ቦታውን ሊስት ይችላል። ደግሞም ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው፤ ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋዎች ይበቅላሉ። ሲበቅሉ የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስሉታል። እነዚህ ግን አንድ ጊዜ ከተነቀሉ በስፍራቸው ሌላ አይበቅልም።

ስለዚህ ለቤት እመቤቶችና ለአባወራዎች የምንመክረው ይህ ነው። ጣፋጩ ሁሉ ከማዕዱ ጋራ አብሮ ይቅረብ፤ ከማዕዱ በኋላ ለሕፃናት ውሃ ብቻ ይሰጣቸው። አቦሉ በስኳር ቢጠጣ ቶናውና በረካው ያለ ስኳር ይሁን። በጥርስ መካከል የገባ ሥጋ በመርፌ ወይም በቢላዋ ጫፍ አይጐርጐር፤ ድድን ያቈስላልና። መፋቂያችን እድፍ ለማንሣት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ፤ ማታ ከመኝታ በፊት ፍሎራይድ ባለበት ሳሙና ጥርስን መቦረሽ አይቅር። በበዓል ድካም ምክንያት ሕፃን ጥርሱን ሳይቦርሽ እንዳይተኛ ይልቁንም በዚያች ማታ መጠንቀቅ ይገባል።

ማዕዱ እንደ ልማዳችን ይሙላ፤ ከማዕዱ ሲነሡ ግን አፍ ይረፍ። ለአንባቢዎቻችን ሁሉ መጪው በዓል የደስታና የጤና እንዲሆን እንመኛለን።