ጤፍ፡ በመስመር ወይስ በብተና?

የክፍላችን ተማሪዎች ፈተና ላይ «ጤፍ በምን ዘዴ ይዘራ?» ተብለን ብንጠየቅ ሁላችንም «በመስመር» ብለን ጽፈን እንወጣለን። እኔም እንደዚያው ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ክረምት ላይ ይፋግ ወርጄ ከቤተሰቦቼ ጋር ስዘራ ግን መልሱ ግማሽ ብቻ መሆኑ ገባኝ።

እርግጥ ነው፣ የመስመር ጥቅም የሚካድ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ (የዛሬው ኢንስቲትዩት) ዘዴውን በሰፊው ያስተዋወቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። ገበሬው በብተና በሄክታር እስከ 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ዘር ሲጠቀም፣ ለመስመር ይመከር የነበረው ከ3 እስከ 5 ኪሎ ነው። ዘሩ ሲሳሳ ቡቃያው በብርሃንና በማዳበሪያ አይሻማም፣ ከሥሩ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፣ አገዳው ይጠነክራል፣ መጋሸቡም ይቀንሳል። መሐል ገብቶ ለማረምም ይመቻል።

ነገር ግን እስቲ ሒሳብ እንሥራ። መስመሮቹ በ20 ሳንቲ ሜትር ከተራራቁ በአንድ ሄክታር ውስጥ 50 ኪሎ ሜትር መስመር አለ። ሩብ ሄክታር የምትሆነው አንዲት ጥማድ 12 ኪሎ ሜትር ተኩል ሆነች ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚኬደው አጎንብሶ ነው፤ ያውም በሐምሌ ዝናብ፣ እግር በሚይዝ የዋልካ ጭቃ። የጤፍ ዘር ደግሞ እንደ ስንዴ አይቆጠርም፤ በጣት መሐል እየፈሰሰ ስለሚያስቸግር ከአሸዋ ጋር ይደባለቃል። እኛ ቤት አራት ሰው ሆነን አንዲት ጥማድ ሁለት ቀን ፈጀብን። በሁለተኛው ቀን ዝናብ መጥቶ የከፈትነውን መስመር ደፈነው። አባቴ የቀረውን ማሳ በአንድ ረፋድ በትኖ ጨረሰ። ማታ እናቴ ወገቧን ይዛ «ልጄ፣ ትምህርታችሁ ወገብ አያውቅም እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዘመቻው በኋላ የተሠሩ ጥናቶችም በገበሬው ማሳ ላይ የተገኘው የምርት ጭማሪ ከተባለለት ያነሰ፣ የሚጠይቀው ጉልበት ግን የበዛ መሆኑን አሳይተዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? በኔ አስተያየት ጥቅሙን ሁሉ ለመስመሩ መስጠት የለብንም፤ ከፊሉ የመጣው ከዘሩ መሳሳት ነው። ስለዚህ ሰው ያነሰውና ማሳው ዋልካ የሆነ ገበሬ ደጋግሞ አርሶ አረሙን ያጥፋ፣ ዘሩን ቀንሶ ይበትን። የሰው ጉልበት ያለው ወይም ለዘር ብዜት የሚያመርት በመስመር ይዝራ። የበተነውን ሁሉ «ኋላ ቀር» ማለታችን ግን ይቅር። በጭቃ ላይ የሚሠራ ቀላል የመዝሪያ መሣሪያ መሞከር ደግሞ ለኛ ለተመራቂዎች ጥሩ የጥናት ርዕስ ነው።

መምህራኖቻችንም በሚቀጥለው ፈተና «በምን ይዘራ?» ከሚሉን ይልቅ «በምን አፈር ላይ፣ ስንት ሰው ባለበት ቤት?» ብለው ቢጠይቁን ደስ ይለኛል፤ ነጥብ ቢቀነስብኝም።